መጀመሪያ ነሐሴ ላይ ቁሚበት
ለወጣቷ ጣቢያ ነዳፊ ከሰበታ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣

ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ቤቴ መጥተሽ ያሳየሽኝን ንድፍ ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ሰነበትኩ። ቀላል ባቡሩ ከጦር ኃይሎች አልፎ በአየር ጤና፣ በወለቴና በዓለም ገና አድርጎ ሰበታ ቢደርስ ጣቢያዎቹ ምን ይምሰሉ የሚል የመመረቂያ ሥራ ነው አልሽኝ። ለቡራዩና ለሱሉልታም አንዳንድ አስበሻል። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ሸገር ከተማ ውስጥ ገብተዋል፤ ነዋሪያቸው ግን ዛሬም ጠዋት አዲስ አበባ ወርዶ ማታ በታክሲ ሰልፍ ተሰልፎ የሚመለስ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽ ተገቢ ነው።

ያን ዕለት አስተያየት ስትጠብቂ ዝም ያልኩት ሥራሽን ንቄ እንዳይመስልሽ። ጣሪያው እንደ ክንፍ ተዘርግቶ፣ መስታወቱ እያበራ ሲታይ ያምራል። ሆኖም አርባ ዓመት ግድም ግንባታ ላይ ስኖር ክረምት ሲገባበት የሚከዳ ውብ ሥራ ብዙ አይቻለሁ። በቃል ብነግርሽ ግማሹ ይጠፋል ብዬ ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኩልሽ።

1. ነሐሴ ላይ ቁሚበት

ጣቢያው ይሠራበታል ባልሽው ቦታ ሄደሽ ቁሚ። ወሩ ነሐሴ፣ ሰዓቱም ሰው ከሥራ የሚወጣበት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይሁን። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ እንደሚያገኙ፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም እንደሚወርድ ከመጽሐፍ ታገኚዋለሽ። ነፋሱ ዝናቡን ከየት ወገን እንደሚያመጣው፣ ጎርፉ የትኛውን የመንገድ ዳር ይዞ እንደሚወርድ፣ ሰዉ የትኛው በረንዳ ሥር እንደሚጠለል ግን ቆመሽ ካላየሽው ማንም አይነግርሽም።

ዓለም ገና ላይ ድንገት ዝናብ ሲወርድ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ወዴት እንደሚሸሽ ተመልከቺ። የሱቆቹ ቆርቆሮ ከግድግዳው አንድ ክንድ ወይም ሁለት ክንድ ይወጣል። ሰው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ በዚያች ጠባብ ደረቅ መሬት ላይ ይደረደራል። እናት ልጇን ከፊቷ ሳይሆን ከኋላዋ ታደርጋለች። ያቺን ደረቅ መሬት በሜትር ለኪያት፤ ስንት ሰው እንደቆመባትም ቁጠሪ። የጣቢያሽ የመጀመሪያው ልኬት እሱ ነው።

አፈሩንም እይው። በሰበታና በሱሉልታ ሜዳማ ቦታዎች ብዙው መሬት መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቀላል ወለል በቀጥታ መረሬ ላይ ካስተኛሽ ጥቂት ክረምት ሳይቆይ ይነሳል፣ ይሰነጠቃል፣ መሳፈሪያው ከባቡሩ በር ጋር አይገጥምም። መረሬው ተቆርጦ ወጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ አፈር መሞላት አለበት። ይህ ወጪ ለዓይን አይታይም፤ ለዚያ ነው በጨረታ ጊዜ ቀድሞ የሚቀነሰው። አንቺ ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፊው።

2. ጣሪያሽን ዝቅ አድርጊው

ንድፍሽ ላይ ከሁሉ የምሟገትሽ በጣሪያው ነው። አምስት ሜትር ከፍ አድርገሽዋል። በነፋስ የተገፋ ዝናብ ቁልቁል አይወርድም፣ ይጋደማል። 45 ዲግሪ ቢጋደም አምስት ሜትር ከፍታ ያለው ጣሪያ ከጫፉ ወደ ውስጥ አምስት ሜትር ያስረጥባል። የመሳፈሪያ መድረክሽ ስፋት አራት ሜትር ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ብረትና ላሜራ አውጥተሽ አንድም ሰው ደርቆ አይቆምም ማለት ነው።

ሦስት ሜትር ግድም ብታወርጂው፣ ከኋላ በኩል ግድግዳ ብትሰጪው፣ በግድግዳው ሥር ቢያንስ አንድ ሜትር ደረቅ መቆሚያ ታገኛለሽ። ጫፉ ደግሞ ባቡሩን ሳይነካ የቻለውን ያህል ወደ በሩ ይቅረብ፤ ሰው ሲሳፈር የሚረጥበው በጣሪያውና በባቡሩ መካከል ባለችው ክፍተት ነው። ተዳፋቱ ወደ ኋላ ይሁን። ውሃውን ወደ ሐዲዱ ካወረድሽው የሚወርደው በተሳፋሪው አንገት ላይ ነው።

ርዝመቱንም አትቆጥቢው። የመድረኩን አጋማሽ ብቻ ከሸፈንሽ በዝናብ ቀን ሰው ሁሉ በዚያ ይታጨቃል። ባቡሩ ሲመጣ ሁሉም በአንድ በር ይጋፋል፣ ሌላው በር ባዶውን ይከፈታል፣ ባቡሩ ይዘገያል፣ ኪስ አውላቂም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ግፊያ ነው። በጣሪያ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ በሰዓትና በስርቆት ይከፈላል።

3. አሸንዳው ከውጭ፣ ቱቦው ከአምዱ ውጭ

ይህን የምነግርሽ ከራሴ ጥፋት ነው። ወጣት ተቆጣጣሪ ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ሕንፃ ላይ የጣሪያውን ውሃ የሚያወርደው ቱቦ በኮንክሪት አምዱ ውስጥ እንዲቀበር ተደረገ። ከውጭ ቱቦ ስለማይታይ ንጹሕ መሰለን፤ እኔም ፈረምኩበት። በሁለተኛው ክረምት ቅጠል ደፈነው። ቱቦውን ለማውጣት አምዱን መስበር ያስፈልግ ነበር፤ አምዱ ደግሞ ሕንፃውን የተሸከመ ነው። ውሃው በአርማታው እየሰረገ ፌሮውን አዛገው። ያን ሕንፃ ባለፍኩ ቁጥር ዛሬም ቀና ብዬ አላየውም።

ስለዚህ አሸንዳሽ ከውጭ በኩል ይሁን፣ ሰፊ ይሁን። በእኛ አገር ዝናብ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ በረዶም ይወርዳል። በረዶው አሸንዳውን ሞልቶ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ከከንፈሩ ዝቅ ብሎ ትርፉን ወደ ውጭ የሚተፋ አፍ ስጪው። የባህር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል፤ ሰው በመሰላል ወጥቶ በእጁ የሚጠርገው ይሁን።

ውሃው መሬት ላይ የሚሄድበትን ቦይ ክዳን ከብረት አታድርጊው። ብረት ይሰረቅና ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ያድራል። የአርማታ ክዳን ማንም አይወስደውም።

4. የቆርቆሮውን ጩኸት አስቢ

ቆርቆሮ ርካሽ ነው፣ ማንም ሠራተኛ ይመታዋል፤ አልቃወምሽም። በነሐሴ ዝናብ ሥር ግን አጠገብሽ ያለው ሰው የሚናገረውን አትሰሚም። የድምፅ ማጉያው «ባቡሩ በሌላው መስመር ይመጣል» ቢል ማን ይሰማዋል? በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር በራሱ ድምፁ ዝቅተኛ ስለሆነ ሲመጣም ላይሰማ ይችላል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ወይም ድምፅ የሚያፍን ነገር አስገቢበት፤ ማስታወቂያውም በጽሑፍ ጭምር ይታይ፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም።

በጽሑፍ የሚታየው ግን ለማያይ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ወደሚቀጥለው ያሻገረኝ ይህ ጥያቄ ነው።

5. የመርሐ ዕውራንን ልጆች አማካሪ አድርጊያቸው

ሰበታ ያደግሽ ልጅ ነሽና የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎች በነጭ በትራቸው እየመሩ፣ እርስ በርስ ተያይዘው የጅማን መንገድ ሲሻገሩ አይተሻል። ንድፍሽን ሳገላብጥ ለእነሱ የተሠራ አንድም ነገር አላገኘሁም። ይህ አሳዝኖኛል፤ ከሌላ ከተማ የመጣ ነዳፊ ቢረሳው ይቅር እለው ነበር።

መንገድ ላይ የሚነጠፈውን፣ በእግርና በበትር የሚዳሰሰውን ጉብጉብ ያለ ንጣፍ የፈጠረው ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ ነው። መጀመሪያ የተነጠፈው በፈረንጆች 1967 በኦካያማ ከተማ፣ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ነበር። ዛሬ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። ቋንቋው ቀላል ነው፤ ረጃጅም መስመር ካለው «ሂድ» ማለት ነው፣ ነጠብጣብ ካለው «ቁም፣ ከፊትህ አደጋ ወይም መታጠፊያ አለ» ማለት ነው።

አስቢው እስቲ። ኦካያማ ላይ ነገሩ የተጀመረው እንደ እኛ ሰበታው ባለ ትምህርት ቤት አጠገብ ነው። ንጣፉን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግሽም። ድንጋይ ጠራቢዎቻችን ጥቁር ድንጋይ ላይ መስመርም ነጠብጣብም ያወጣሉ፤ ኮብልስቶን እያነጠፉ ያደጉ እጆች ናቸው። ከመድረኩ ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በነጠብጣብ ድንጋይ አንድ ረድፍ፣ ከመግቢያው እስከ ባቡሩ በር በመስመር ድንጋይ አንድ ረድፍ። ባቡሩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ካልቆመ ግን የመስመሩ መጨረሻ በር ሳይሆን ባዶ ሐዲድ ይሆናል። ስለዚህ መቆሚያ ምልክቱን ለነጂው አብረሽ ንደፊ።

ቀለሙንም አትርሺ። ጨርሶ ከማያይ ሰው ይልቅ በጥቂቱ የሚያይ ይበዛል። በጥቁር ወለል ላይ ቢጫ ረድፍ ለዚያ ሰው ሐዲዱን ከመሬቱ ይለይለታል።

6. ወለሉ አይብረቅረቅ

ሴራሚክ ጭቃ ከነካው በረዶ ማለት ነው። የሰበታ ሰው በክረምት ጭቃ ይዞ ይመጣል፤ ልታስቀሪው አትችዪም፣ መቀበል ነው ያለብሽ። ፊቱ ሻካራ ሆኖ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ አንጥፊ። ወለሉ በመቶ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ያህል ይዘቅዝቅ፤ ዝቅዝቃቱም ከሐዲዱ በተቃራኒ ይሁን፤ ተሽከርካሪ ወንበርም ሆነ የሕፃን ጋሪ ከእጅ ቢያመልጥ ወደ ባቡሩ እንዳይንከባለል። መግቢያው ላይ ጫማ የሚጠረግበት ፍርግርግና አንድ የውሃ ቧንቧ አድርጊ።

7. ሱሉልታ ነፋስ ነው

ለሦስቱም ከተሞች አንድ ዓይነት የጎን ግድግዳ ነው የሰጠሻቸው። ሱሉልታ ግን ከእንጦጦ ጀርባ ያለ ሜዳ ነው፤ ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ውርጭ ይወርድበታል፣ ነፋሱም የሚያግደው ዛፍ ካላገኘ ያለ ከልካይ ይመጣል። በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ከተማ የሚወርድ ሠራተኛ በዚያ ብርድ ግማሽ ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጋጫል። ነፋስን ለመከልከል ግድግዳ ያስፈልጋል፤ ግድግዳ ደግሞ ዓይንን ይጋርዳል፣ የተጋረደ ጥግ ለሴት ልጅ የሚያስፈራ ጥግ ነው። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ነገር ነውና ያገኘሁትን ልንገርሽ። የተቀመጠ ሰው ትከሻ ድረስ ግድግዳው ድንጋይ ይሁን፤ ነፋሱ የሚጎዳው ወገብንና ጉልበትን ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳይ ይሁን። መስታወት ካልሽ ይሰበራል፣ መተኪያውም በዶላር ነው። በጥሩ ጠንካራ ወንፊት ብረት ነፋሱን ግማሽ ያህል ማብረድ ይቻላል፣ ከመንገድም ውስጡ ይታያል። ሦስት በኩል የተዘጋ፣ አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ክፍል ግን በፍጹም አትሥሪ። ከሚያስፈራት ሰው መሸሽ የምትፈልግ ልጅ ሁለተኛ መውጫ ያስፈልጋታል።

ፀሐይዋንም በአንድ ወገን ብቻ አታስቢያት። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። ከሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት እስከ ነሐሴ አራተኛው ሳምንት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ የቀረውን ጊዜ በደቡብ። ከአውሮፓ መጽሐፍ ላይ «ጥላ በደቡብ በኩል ስጪ» የሚለውን ገልብጠሽ ከሆነ አርሚው።

8. ሰው የሚረግጠውን መንገድ አጥር አይዘጋውም

የአዲስ አበባው ባቡር መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ቦታዎች በአጥር ተከልሎ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል። ወዲያ ማዶ ሱቅ፣ ወዲህ ማዶ ቤት ያለው ሰው መሻገሪያው ሲርቅበት አጥሩን ዘሎ አለፈ። ሰውን ሰነፍ ነው ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው መሻገሪያው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው፤ እንስራ ወይም ኩንታል የተሸከመ ሰው ግማሽ ኪሎ ሜትር ዞሮ እንዲመጣ መጠበቅ ሰውን አለማወቅ ነው።

አጥር ከመሳልሽ በፊት መሬቱ ላይ ሰው በእግሩ የሠራትን ቀጭን መንገድ ፈልጊ። ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ የምትሄድ ትሆናለች። መሻገሪያሽ እሷ ላይ ይዋል።

ሲሻገርም ቀጥ ብሎ አይግባ። ሐዲዱ ጋ ከመድረሱ በፊት አጥሩ ባቡሩ ወደሚመጣበት ወገን ያዙረው፤ ጥቂት እርምጃ ፊቱን ለባቡሩ ሰጥቶ ይራመድ፣ ከዚያ ይሻገር። በሁለቱ ሐዲዶች መካከልም እንዲሁ። ይህ ጠምዛዛ አጥር ከጥቂት ሜትር ቱቦላሬ በላይ አይፈልግም፤ ስልኩን እያየ የሚሄደውን ወጣት ግን ቀና ያደርገዋል። ብረት በብረት ላይ የሚንከባለል ባቡር እንደ መኪና ወዲያው አይቆምምና።

9. መብራቱ ከጣቢያው ወጥቶ ይሂድ

እንደ ሰሜን አገሮች ቀኑ አይረዝምልንም። ጀንበር ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትጠልቃለች። ስለዚህ ከሥራ የሚመለሰው ሰው ብዙው ከባቡሩ የሚወርደው በጨለማ ነው። ሰበታ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የማታ ሺፍት ጨርሰው የሚወጡ ሴቶች አሉ።

አንቺ መድረኩን በብርሃን አጥለቅልቀሽዋል። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ግን የምትፈራው ከመድረኩ ወርዳ ባጃጅ ተራው እስክትደርስ ያለውን ሁለት መቶ እርምጃ ነው። በደማቅ ብርሃን ከቆየች በኋላ ዓይኗ ጨለማውን ቶሎ አይለምደውም። የመድረኩን መብራት ቀንሺና ያንን መንገድ አብሪበት። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የሚሠሩ ጥቂት በፀሐይ የሚሞሉ አምፖሎች በዚያው ላይ ይኑሩ።

ስለ ጥበቃ ስታስቢ ካሜራ ብቻ አይታይሽ። የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጥ እናት፣ ጫማ የሚጠርግ ልጅ፣ ካርድ የሚሸጥ ወጣት፣ ተራ አስከባሪው፣ እነዚህ እስከ ምሽት የሚቆዩ ዓይኖች ናቸው። ንድፍሽ ላይ አንድም ቦታ የላቸውም፤ ጣቢያው በተከፈተ ማግሥት ግን ደረጃው ላይ ተቀምጠው ታገኚያቸዋለሽ፣ ከዚያም ደንብ አስከባሪ ያባርራቸዋል። ከመውጫው ጎን ጣሪያ ያለው፣ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ያለው የጉሊት ቦታ ስጪያቸው። መተላለፊያው ነጻ ይሆናል፣ እነሱም በክብር ይሠራሉ፣ መንገደኛውም ብቻውን አይሆንም።

10. ከመሬት አትነሺ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የመጀመሪያው መስመር፣ ከቃሊቲ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደው፣ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። የአያት ጦር ኃይሎቹ በዚያው ዓመት ተከተለ። 39 ጣቢያዎች አሏቸው፤ ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉትን አምስቱን ይጋሯቸዋል፣ እነዚህም ከመሬት ከፍ ብለው በድልድይ ላይ ናቸው። ሁሉም ተደምሮ 475 ሚሊዮን ዶላር ግድም ወጣ፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ሲጀመር የቲኬቱ ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። የግንባታውን ዶላርና የቲኬቱን ብር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጪያቸው። በብር የሚሰበሰብ ሳንቲም በዶላር የሚገዛ መለዋወጫን ሊሸከም አይችልም። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው የቆሙት ለዚህ ነው። ባቡሩን የጎዳው ችግር ጣቢያውንም ይጎዳዋል።

ንድፍሽ ላይ ሰበታ ጣቢያን ስድስት ሜትር ከፍ አድርገሽ ሁለት ሊፍትና ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሰጥተሽዋል። ሊፍቱ ሲበላሽ ምን ይሆናል? ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ 12 ሜትር ሄዶ ቢበዛ አንድ ሜትር ነው መነሳት ያለበት። ለስድስት ሜትር 72 ሜትር ይሆናል፤ ማረፊያዎቹ ሳይቆጠሩ። ያንን ማን ይወጣዋል? መሬት ላይ ብትሠሪው ግን የእኛ ባቡሮች አብዛኛው ወለላቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ መድረኩ 30 ሴንቲ ሜትር ግድም ቢነሳ ይበቃል። መወጣጫውም አራት ሜትር አይሞላም። ከስድስት ሜትሩ ጋር ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው፤ ሊፍት የለ፣ ሞተር የለ፣ ከውጭ የሚመጣ ቴክኒሻን የለ።

አዲስ አበባ መሀል ላይ መንገዱ ስለጠበበ ድልድይ ግድ ሆኖ ይሆናል። ሰበታ ላይ ግን ቦታ አለ። ቦታ ያለው ሰው ለምን ሰማይ ላይ ይሠራል?

11. ጣቢያው ሰው ያለበት ይሁን

ለገሃር ሄደሽ እዪ። የድሮው የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም ግድም ሲሆን አሁን የምናየው የጣቢያው ሕንፃ በ1922 ዓ.ም ተመረቀ። ከፊቱ የአንበሳው ሐውልት፣ ከዚያ ወዲያ ሽቅብ የሚወጣው የቸርችል ጎዳና። ከባቡር የወረደ ሰው ያለ መሪ ከተማው ውስጥ ይገባ ነበር። ባቡሩ ከቆመ ስንት ዓመቱ፣ ሰዉ ግን ሰፈሩን ዛሬም በጣቢያው ስም ይጠራዋል።

የእኛ ሰበታ ደግሞ ዕድለኛ መባል ነበረባት። ወደ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው እዚህ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ግን የተመረቀው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ላይ ነው፤ መንገደኛም የሚሳፈረው ከዚያ ነው። ለቡ የከተማው ዳር ነው፣ መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ እስኪደርስ የሚከፍለው የታክሲ ዋጋ ከጉዞው ጋር ይደመራል። ሕንፃው ትልቅና የሚያምር ነው፤ ሰው ግን አጠገቡ አልነበረም።

አንቺም ጣቢያሽን ከዋናው መንገድ ወዲያ ባዶ ሜዳ ላይ አስቀምጠሽዋል፤ መሬቱ ርካሽ ስለሆነ ነው ብለሽኛል። ካሳው ይወደዳል፣ አውቃለሁ። ግን በየቀኑ ሺህ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ጭቃ ቢሄድ ያም ዋጋ ነው፤ የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሆነ ብቻ በሒሳብሽ ላይ አልታየም። ታክሲ ተራውና ገበያው ካሉበት አታርቂው።

12. ሁሉም አንድ ብሎን ይሁን

የብራዚል ኩሪቲባ ከተማ በፈረንጆች 1991 ቱቦ የሚመስሉ የአውቶቡስ ጣቢያዎች መሥራት ጀመረ። ተሳፋሪው ውስጥ ገብቶ ቀድሞ ይከፍላል፣ ወለሉ ከአውቶቡሱ ወለል ጋር ትክክል ነው፣ ሁሉም ጣቢያ ከአንድ ዓይነት ክፍሎች የተገጠመ ነው። አንዱ ሲሰበር የሌላው መለዋወጫ ይገጥምለታል።

አንቺ ለሦስቱ ከተሞች ሦስት ዓይነት ጣሪያ ነድፈሻል። ልዩነቱን በድንጋዩ አሳዪ፤ ቡራዩ የአምቦ መንገድ ናትና የአምቦ ድንጋይ ይሁንላት፣ ሰበታ ጥቁር ድንጋይ። ቱቦላሬው፣ ላሜራው፣ ብሎኑ፣ አምፖሉ፣ ወንበሩ ግን አንድ ዓይነት ይሁን። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ ዓለም ገና ያለ ብየዳ ቤት ይህን በአንድ ቀን መጠገን ይችላል ወይ? አይችልም ከሆነ ሌላ ፈልጊ። ሊቀር የማይችል ከሆነም የመለዋወጫውን የአሥር ዓመት ወጪ ከግንባታው ጋር አብረሽ ጻፊ፣ ለሚያጸድቀው ሰው ፊት ለፊት ይታየው።

13. ሽንት ቤት

ንድፍሽ ላይ የለም። ጨምሪው። ውሃው ከጣሪያሽ የሚወርደው ዝናብ በሮቶ ተጠራቅሞ ይሁን። የጣሪያሽ ስፋት 200 ካሬ ሜትር ከሆነ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ 200 ሊትር ይሰጥሻል፤ የነሐሴን ዝናብ ራስሽ አስዪው።

የእኔ ይኸው ነው፣ ልጄ። ከዚህ ውስጥ የማትስማሚበት ካለ ተከራከሪኝ፤ እኔም ስለ መስታወቱ ተሳስቼ ይሆናል፣ አሁን አሁን የማይሰበር እየመጣ ነው ይላሉ። ስለ ጣሪያውና ስለ ዓይነ ስውራኑ ግን ወደ ኋላ አልልም።

አባትሽን ሰላም በዪልኝ። ነሐሴ ከመውጣቱ በፊት አንድ ከሰዓት ነዪ። ሜዳው ላይ የመድረክሽን ልክ በኖራ እናሰምራለን፤ ኖራውን እኔ አዘጋጃለሁ። የመርሐ ዕውራን ተማሪዎችም መጥተው እንዲረግጡት አንቺ ሄደሽ ጠይቂያቸው።